ወንድ ይዘው አይምጡ

ሠርክአዲስ ሐብሉን መጀመሪያ ያየችው ፍኖተ ሰላም ያለው መድኃኒት ቤቷ ሰው በሚቀንስበት የከሰዓት ሰዓት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ስልኳን ስትነካካ ነው። ጨረታው የሚካሄድበት የቴሌግራም ቡድን «የጎጃም እጅ በእጅ» ይባላል፤ ከደምበጫ እስከ አዴት ያለ ሰው ያገለገለ ሶፋ፣ የስፌት መኪና፣ አልፎ አልፎም ወርቅ ያወጣበታል። ሻጩ ፎቶና መነሻ ዋጋ ይለጥፋል፤ ፈላጊ ከሥሩ እየጨመረ ይጽፋል፤ በተቆረጠው ቀን ከሁሉ አብልጦ የጻፈው ይወስዳል። ገዢና ሻጭ አይተዋወቁም። የቡድኑ አስተዳዳሪም ከላይ «በመካከላችሁ ለሚፈጠረው ነገር አላውቅላችሁም» ብሎ ሰቅሎ አርፏል።

ሐብሉ በጆንያ ላይ በተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ተጋድሟል። የድሮ ሥራ ነው፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ ከመሀሉ የገብስ ቅንጣት የምታህል ጠብታ የተንጠለጠለበት። የሻጯ ስም «ናዚፋ፣ ቡሬ» ይላል። የፊቷ ፎቶ መኖር ባለበት ቦታ የቀይ በርበሬ ክምር አለ።

«በርበሬ ልትገዢ ነው?» አለች ሀብትነሽ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ። ሀብትነሽ አጠገብ ካለው ክሊኒክ ነርስ ናት። ሰው የሚፈራውን መርፌ የምትወጋውም፣ ሰው የሚፈራውን ወሬ የምታመጣውም እሷ ናት።

«ወርቅ ነው እንጂ። ለክንፌ ሠርግ።»

«ወርቅ በስልክ? ኧረ ሠርኬ! በሬ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን ፈልቅቀን፣ ጭራውን ጎትተን፣ አስሮጠን ነው። ይህን በምኑ ትጎትችዋለሽ?»

ሠርክአዲስ ፈገግ አለች። ከሳቅም ከልቅሶም ቁጥብ ሆናለች ይሏታል። ባሏ ዘሩ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የሐዘን ጥቁሩም ከላይዋ አልወረደም።

ክንፈሚካኤል የዘሩ ታናሽ ወንድም ነው። አባትና እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ፣ ዘሩ ሲያገባት ልጁ ደብተሩን በፌስታል ይዞ አብሮ መጣ። የራሳቸው ልጅ አልተወለደም፤ አሳድገው፣ አስተምረው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አደረጉት። አሁን በጥር የደምበጫ ልጅ ሊያገባ ነው። የደምበጫዎቹ ዘመዶች ደግሞ ጥሎሽ በዋዛ የሚቀበሉ አይደሉም። ዳስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድ በአንድ ይከፍቱታል። ቀሚሱ ይዘረጋል፣ ነጠላው ይገለበጣል፣ ወርቁ ከፍ ብሎ ይታያል። ለወርቅነቱ ከሙሽራው ወገን ዋስ የሚሆን ሰው ይጠራሉ። ካቻምና አንድ ሙሽራ ከመንገድ የገዛው ቀለበት መዳብ ሆኖ ተገኝቶ፣ ሰውዬው ልጅ ወልዶ እንኳ እስከ ዛሬ «መዳቤ» ነው የሚባለው።

ክንፈሚካኤል አባት የለው፣ ወንድም የለው። ያለችው እሷ ናት። የራሷን ወርቅ በዘሩ ሕመም ጊዜ ባሕር ዳር ሸጣዋለች፤ አዲስ ወርቅ ከወርቅ ቤት ለመግዛት ደግሞ ያጠራቀመችው አይደርስም። የቡሬው ሐብል መነሻ ዋጋ ግን ይደርሳል። ደግማ አየችው፣ ጻፈችም።

ጨረታው ሳምንቱን ቆየ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ትገባለች፣ ሲሄድ ትጨነቃለች። አሸናፊ የሚባል የአዴት ሰው እሷ በጨመረች ቁጥር ይጨምራል። አቅሟ ያበቃበት ላይ ስትደርስ ስልኩን ገልብጣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሐብሉ ለአሸናፊ ሆነ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ይኸው አሸናፊ በግሏ ጻፈላት።

«እህቴ፣ ሐብሉን ትቼዋለሁ። ሁለተኛ አንቺ ስለሆንሽ ወዳንቺ ትመጣለች፤ ተጠንቀቂ። ባንክ ቤት እንገናኝ ብላት እምቢ። ወርቅ ቤት እንገናኝ ብላት እምቢ። ሚስትህን ወደ ቤቴ ላካት አለችኝ። ሚስት ላገባበት አይደል እንዴ የፈለግሁት?»

በማግስቱ ናዚፋ መጣች። አጻጻፏ ጨዋ ነው፤ ሰላምታዋም ረጅም። የአዴቱ ሰው ስለተወው፣ ሠርክአዲስ መጨረሻ በጻፈችው ዋጋ ልትሸጥላት ፈቃደኛ ናት። ሠርክአዲስም ለመድኃኒት እንደምትጠነቀቀው ተጠነቀቀች። የማታውቀውን ፋብሪካ መድኃኒት አታስገባም፤ ብታስገባም ቀኑን አንብባ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ አሽትታ ነው።

«እስቲ አንገትዎ ላይ አድርገው አንድ ፎቶ ይላኩልኝ፤ አወራረዱን ልይ» ብላ ጻፈች።

«ይቅርታ፤ አንገቴ ላይ አላደርገውም።»

«እንግዲያው ቡሬ ልምጣ። ባንክ ቤት እንገናኝ።»

«ከቤት አልወጣም።»

«ወርቅ አንጥረኛ ይዤ እቤትዎ ብመጣስ?»

መልሱ ዘግየት አለ። «እርስዎ ይምጡ። ሴት ጓደኛም ይዘው ይምጡ። ወንድ ይዘው አይምጡ።»

ሀብትነሽ ይህን ስታነብ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በይ አለቀልሽ! ፊቷን አታሳይ፣ ከቤት አትወጣ፣ ወንድ አይምጣ! ከጓዳ ሦስት ጎረምሳ አስቀምጣ እየጠበቀችሽ ነው።»

«ቀብድ ግን አልጠየቀችኝም» አለች ሠርክአዲስ። «አጭበርባሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀብድ ነው።»

«ቀብድ ያልጠየቀችው ሙሉውን ከነቦርሳሽ ልትወስድ ነዋ! ይልቅ ቡድኑ ላይ አውጪያት። ሌላ ሰው እንዳታስለቅስ።»

ሠርክአዲስ ጻፈችው። «ወገኖቼ፣ ናዚፋ ከምትባል የቡሬ ሻጭ ተጠንቀቁ…» ብላ ጀምራ፣ ምልክቶቹን ሁሉ ደርድራ ጨረሰች። ሲነበብ እውነት ይመስላል። ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ። ሰውን በሕዝብ ፊት ሌባ ማለት የተላከ ዕለት የሚመለስ ነገር አይደለም። ሴትየዋን የጠየቀቻት ሁሉ ስለ ወርቁ ነው፤ ስለ ራሷ አንድም ነገር አልጠየቀቻትም። ጽሑፉን አጠፋችውና በምትኩ አጭር ጥያቄ ላከች።

«እመቤቴ፣ ወንድ የማይመጣው ለምንድን ነው?»

መልሱ በማግስቱ ጠዋት መጣ።

«ባለቤቴ ጠሃ በመስከረም ሞቶብኛል። ዒዳ ላይ ነኝ። በኛ ሃይማኖት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ትቀመጣለች። ከቤት አልወጣም፣ ጌጥ አላደርግም፣ ባዕድ ወንድ ፊት አልቀርብም። ይህን መጀመሪያ ያልጻፍኩት ወድጄ ነው። ሐዘኔን ብጽፈው አንዱ አዝኖልኝ ይጨምራል፤ ሌላው ቸግሯታል ብሎ ያረክስብኛል። ወርቁ በራሱ ዋጋ እንዲሸጥ ፈለግሁ።»

ሠርክአዲስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሐብሉን አንገቷ ላይ አድርጋ እንድታሳያት የጠየቀቻት ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ።

«ሌባም ባሌ ሞተ ይላል» አለች ሀብትነሽ፣ ድምፅዋ ግን እንደ ትናንቱ አልጠነከረም። «ባል መግደል ለሌባ ምን ይከብደዋል?»

ልክ ነበረች። ወረቀት ብትልክ ሐሰተኛ ወረቀት ይሠራል፤ ፎቶም ከሌላ ሰው ስልክ ይገኛል። ሠርክአዲስ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ከዚያ፣ ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን ነገር ጻፈች።

«ማታ በሩን አሁን ማን ይዘጋል?»

«እኔው ነኝ» አለች ናዚፋ። «ግን መወርወሪያውን ከመግፋቴ በፊት ትንሽ እጠብቃለሁ።»

ሠርክአዲስ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። እሷም እንደዚያ ነው የምታደርገው። ለሀብትነሽ ግን ይህን አልነገረቻትም።

«እንሄዳለን» አለቻት ብቻ። «አንቺ፣ እኔና ጋሼ ወልደ ገብርኤል።»

«ወንድ አይምጣ ተብሎ?»

«በር ላይ ይቆማሉ።»

ጋሼ ወልደ ገብርኤል የፍኖተ ሰላም አንጥረኛ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ትዕግሥተኛ፣ በኮታቸው ኪስ የሚፈትኑበትን ድንጋይና የአሲድ ጠርሙስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ሚዛን የማይለያቸው። ነገሩ ሲነገራቸው «በር ላይማ ቆሜ ስንቱን ድግስ አሳልፌያለሁ» ብለው ተነሱ። ብሩ ባንክ እንዲቆይ ተስማሙ፤ ወርቁ ሳይፈተን አይወጣም። ሦስቱ በሚኒባስ ማንኩሳን አልፈው ቡሬ ገቡ።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገሩም። ገበያው ዳር ያገኙት ልብስ ሰፊ «የጠሃ ቤት? በአፍንጫችሁ ሂዱ» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ቶሎ ሰብሰብ አድርጎ «አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር» አለ። እውነትም ሽታው መራቸው። ጠሃ ከሽንዲ በርበሬ እያወረደ የሚነግድ ሰው ነበርና፣ ከግቢው በር ጀምሮ የተከመረው ጆንያ ገና አልተሸጠም። ጋሼ ወልደ ገብርኤል ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ገና ሲቀመጡ ማስነጠስ ጀመሩ።

ናዚፋ ከውስጥ ወጥታ ሳይሆን ከመጋረጃው ኋላ ሆና ተቀበለቻቸው። ቀጭን ሴት ናት፣ ሠርክአዲስ ከጠበቀቻት ወጣት። አመድማ ቀሚስና አመድማ ሻሽ ለብሳለች፤ ዓይኗ ኩል የለው፣ እጇ ሂና የለው። እንግዶቿን አስቀመጠች፣ ዳቦና ሻይ አቀረበች።

«ጾም ላይ መሆናችሁን አውቄ ወተት አልጨመርኩበትም» አለች።

«እግዜር ያጽናዎት» አለች ሠርክአዲስ።

«አሚን። እርስዎንም።» ዓይኗ በሠርክአዲስ ጥቁር ቀሚስ ላይ ትንሽ አረፈ።

ሐብሉን ከጉያዋ አውጥታ በመሀረብ ላይ አስቀመጠችው። ከፎቶው ይልቅ ደብዘዝ ያለ፣ ከፎቶው ይልቅ የሚያምር ነው። አሁን አስቸጋሪው ነገር መጣ። ወርቁ በር ላይ ወዳለው ሰው መውጣት አለበት። ናዚፋ ደግሞ ተከትላ መውጣት አትችልም።

«ሀብትነሽ ትውሰደው» አለች ሠርክአዲስ። «እስክትመለስ እኔ እዚህ ነኝ። ይዛው ብትጠፋ እኔን ይያዙኝ።»

«ምን ላደርግሽ?» አለች ናዚፋ። የሰው ልክ የምታውቅ ሴት ሆና ሳለ «አንቺ» ማለቱ ድንገት ከአፏ አመለጠ።

«በርበሬ አስፈጪያት» አለች ሀብትነሽ፣ መሀረቡን ጠቅልላ እየተነሣች። «እጇ ለመድኃኒት ብልቃጥ ብቻ ነው የለመደው፤ ትንሽ ይቃጠል።»

ናዚፋ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፣ በሐዘን ቤት መሳቋ እንዳይታይባት ይመስል። ሀብትነሽ ወጣች፣ መጋረጃው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። አንዷ ወርቋን፣ አንዷ ራሷን ለማታውቀው ሰው ሰጥታ ተቀምጣለች።

ከውጭ ጋሼ ወልደ ገብርኤል አስነጠሱ።

«ለምን ትሸጭዋለሽ?» አለች ሠርክአዲስ። እሷም «አንቺ» ማለት ቀለላት። «ቡሬ ወርቅ ቤት የለም? ያውም በጨረታ፣ ለማታውቂው ሰው?»

«ወርቅ ቤት ብሰጠው ያቀልጡታል። የሰው አንገት ላይ ቢውል ይሻለኛል።» ናዚፋ የሻይ ብርጭቆዋን አዞረች። «ጠሃ በሽንዲ መንገድ ላይ ጉድጓድ አስጀምሮ ነበር። በርበሬ ጭነው የሚመጡት ሰዎች ከነአህያቸው የሚያርፉበት ቦታ አለ፤ ውሃ የለውም። ተቆፍሮ ውሃው ወጣ፤ ድንጋዩ ሳይለበጥ፣ ክዳኑ ሳይሠራ ሞተ። ዒዳዬ ሳያልቅ ሰው ቢጠጣበት ብዬ ነው። ምንዳው ለእሱ ይደርሰዋል።»

ሠርክአዲስ ራሷን ነቀነቀች።

«የእናንተስ ስንት ነው?» አለች ናዚፋ።

«ምኑ?»

«ቀኑ። የኛ ተቆርጦ የተሰጠ ነው። ሲያልቅ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ በዚህ በር እወጣለሁ። እንደ እስር የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ባይቆረጥልኝ ምን ይውጠኝ ነበር እላለሁ።»

«የኛ ዓመት ነው ይባላል። ዘመድ ተሰብስቦ መጥቶ ጥቁሩን ያስወልቃል።»

«አልመጡም?»

«መጡ። ነጭ ልብስ ገዝተው መጡ። አመስግኜ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሦስተኛ ዓመቱ ነው።»

ናዚፋ አልመከረቻትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃሻል፣ ዕድሜሽ ገና ነው፣ ሟቹም አይወድም ይላት ነበር። ናዚፋ ግን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ከውጭ እንደገና ማስነጠስ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ጸጥ።

«ዘሩ ሁልጊዜ ሦስት ነበር» አለች ሠርክአዲስ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ባለቤቴ። ሲያስነጥስ ሦስት ነው። ሁለት ብሎ የቆመ እንደሆነ ሥራዬን ትቼ ሦስተኛውን እጠብቅ ነበር። ‹ጨርስና ልሥራበት› እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ያቆየዋል።»

«ጠሃ በርበሬ እየነገደ በርበሬ አይችልም ነበር» አለች ናዚፋ። «ሆዴን ይለኛል፤ ወጡን ለብቻው አልጫ አደርግለታለሁ። ለሰው እንዳትናገሪ፣ ገበያዬ ይበላሻል ይለኛል።» እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «ይኸው፣ ተናገርኩ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሠርክአዲስ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ በርበሬው ነው ብትል ማንም የሚጠራጠራት አልነበረም፣ ግን አላለችም።

ሀብትነሽ መሀረቡን በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች።

«ጋሼ በድንጋያቸው አሽተው፣ መዝነው፣ ሁለት ጊዜ አሲዱን ጠብ አድርገው አዩት። ‹ይህን የሠራው ሰው ከኔ ይበልጣል› አሉ። ንጹሕ ነው። አሁን ከዚህ በርበሬ አውጡኝ እያሉ ነው።»

ቀጥሎ የናዚፋ ተራ ነበር። ሐብሉ መሀላቸው ተቀመጠና፣ ሀብትነሽ አስቀድሞ የተዘጋጀውን የሠርክአዲስን ውክልና ይዛ ባንክ ሄደች፤ ብሩ ወደ ናዚፋ ሒሳብ ገባ። ናዚፋ ስልኳ ላይ መልእክቱ ሲደርሳት አንብባ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሐብሉን ወደ ሠርክአዲስ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«በምን ትወስጅዋለሽ?»

«በቦርሳዬ።»

«ቦርሳ? በዚህ መናኸሪያ? ከዚህ እስከ ሚኒባሱ ሦስት እጅ ይገባበታል። አንገትሽ ላይ አድርጊው፤ ከቀሚሱ ሥር። ነጠላሽን ደርቢበት፤ ማን ያይብሻል?»

ትክክል ነበረች። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም። ሆኖም ሠርክአዲስ እጇ አልታዘዝ አላት። ዘሩ ከሞተ ወዲህ አንገቷ ላይ ከማተቧ ሌላ ነገር አልዋለም። ለማንም ቃል ገብታ አይደለም፤ እንዲሁ ነው። ሐብሉን አንስታ፣ ክብደቱን እያየች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ናዚፋ አየቻት። «እኔ ለራሴ አላደርግም» አለች ቀስ ብላ፤ «ለሌላ ሰው ማሰር ግን አልተከለከልኩም። ዙሪልኝ።»

ሠርክአዲስ ዞረች። የናዚፋ ጣቶች ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ወርቁ ግን ከጉያዋ የወጣ ስለሆነ ገና ሞቃት ነበር። መያዣው ጠቅ አለ።

«እስቲ ወደኔ።»

ዞረች። ናዚፋ አየቻት። አየቻትና አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች።

«እንደዚህ ነው ለካ የሚወርደው» አለች። «አሥራ ስምንት ዓመት አድርጌዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። ያደረገው ሰው አያየውም እኮ። መስታወት ሌላ ነው።» እጇን ወደ ጠብታዋ ዘርግታ ሳትነካት መለሰች። «ጠሃ ያየው የነበረው ይህን ነው።»

ሀብትነሽ፣ ሁልጊዜ የምትለው የማታጣው ሀብትነሽ፣ መጋረጃውን መመልከት ጀመረች። ሠርክአዲስ ለማየት እንዲመቻት ብርሃን ወደሚገባበት አንድ እርምጃ ተጠጋችና፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ገልጣ፣ ናዚፋ እስክትጠግብ ቆመችላት።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ጋሼ ወልደ ገብርኤል እያስነጠሱ ተኙ። ሀብትነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ሙሽራ መስለሻል። ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም ካለሽ ገንዘቡን ለኔ ስጪኝ።» ሠርክአዲስ በክርኗ ገፋ አደረገቻት። ማንኩሳ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲገባ እጇን ከነጠላው ሥር አስገብታ ሐብሉን ያዘችው፤ ሙቀቱ አሁን የራሷ ነበር።

ቤት ስትደርስ ክንፈሚካኤል በር ላይ ጠበቃት። ቀኑን ሙሉ ደውሎላት አላነሳችም ነበር።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ተበላሽ?»

«ግባ» አለችው። ውስጥ ገብታ ነጠላዋን ገለጠችለት።

ልጁ ወርቁን እንዲያይ ነበር ያሳየችው። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው ወርቁን አልነበረም፤ እሷን ነበር።  እንደ ልጅነቱ ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

«እራት እስክንበላ አታውልቂው» አለ በመጨረሻ።

ጥር ላይ ደምበጫ፣ ዳሱ በሰው ሞልቶ፣ ጥሎሹ ተከፈተ። አቶ ይታገሱ የሙሽራዋ አጎት ናቸው፤ ድምፃቸው ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ቀሚሱን ዘረጉ፣ ጫማውን አነሡ፣ ጥላውን ከፍተው ዘጉ። ሐብሉ ላይ ሲደርሱ ሰዉ ጸጥ አለ። በጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይህስ?»

«ወርቅ ነው» አለ ሚዜው።

«ወርቅ ሁሉም ይላል። ካቻምናም ተብሎ ነበር።» ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ «መዳቤ» የሚል ሹክሹክታም ተከተለው። «ከሙሽራው ወገን ዋስ የሚሆን ማነው? አባት?»

ክንፈሚካኤል አንገቱን ደፋ።

«ታላቅ ወንድም?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሠርክአዲስ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። በዚህ ቦታ ሴት ተነሥታ አታውቅም፤ አንዲት ባልቴት ቀሚሷን ጎተተቻት። ሠርክአዲስ ቀሚሷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«እኔ ነኝ ዋሱ፣ አባቴ» አለች።

«በምን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?»

«በድንጋይ ተፈትኗል፤ የፈተኑት ሰው እዚያ ዳር ተቀምጠዋል፣ ይጠይቋቸው። እኔ ግን ዋስ የምሆነው በድንጋዩ አይደለም። የሸጠችልኝን ሴት አውቃታለሁ። ቤቷ ገብቻለሁ፤ በእጇ አስራልኛለች።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ስሙ ለኔ ይውጣ እንጂ ለልጁ አይውጣ።»

 አቶ ይታገሱ ለመመዘን አልጠየቁም። ወደ ሙሽራዋ እናት ዘርግተው «እሰሩላት» አሉ። እልልታው ዳሱን ነቀነቀው።

ሠርክአዲስ ስልኳን ይዛ ከዳሱ ጀርባ ወጣች። ናዚፋ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ተቀበሉት?» አለች ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ተቀበሉት። አስረውላታል። ስሚ።» ስልኩን ወደ ዳሱ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እልልታው እየበረደ፣ እንደገና እየተነሣ ይመጣል። ወደ ጆሮዋ ስትመልሰው ከዚያኛው ወገን ትንፋሽ ተሰማ።

«ልጅቷ ቆንጆ ናት?» አለች ናዚፋ።

«ቆንጆ ናት። አንገቷ ረጅም ነው፤ ጠብታዋ ደረቷ ላይ አልደረሰችም።»

«የኔ አጭር ነበር» አለች ናዚፋ፣ ሳቀችም፤ በዚህኛው ሳቅ አፏን የሸፈነች አትመስልም። «የጉድጓዱን ድንጋይ መለበጥ ጀምረዋል። ዒዳዬን ስጨርስ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ነው። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«በይ ወደ ሰዉ ግቢ። የሙሽራ እናት ከዳስ ጀርባ አትቆምም።»

እናቱ አይደለሁም ልትል አሰበችና ተወችው። ስልኩን ዘግታ ገባች። ክንፈሚካኤል ከጎኑ ያለውን ወንበር በእጁ ጠብቆላት ነበር፤ ሄዳ ተቀመጠችበት።